ዘግይታ ኮሌጅ ለገባች ተማሪ፦ ወደ ሶሮሪቲ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚገባው የ18 ዓመት ልጅ ብቻ አይደለም። የእኛ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንገባው ሥራ ነው። አገር ቤት ለቤተሰብ እንልካለን፤ ማታ ማታ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች) ሁለት ሁለት ኮርስ እንወስዳለን። ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ስናደርግ ዕድሜያችን 25 አልፏል። እዚያ ስንደርስ የግሪክ ፊደል ያለበት ሹራብ የለበሱ ሴቶች በቡድን ሲያልፉ እናያለን። የሶሮሪቲ፣ ማለትም የሴት ተማሪዎች የእህትማማችነት ማኅበር፣ አባላት ናቸው። «እኔስ መግባት እችላለሁ? ወይስ አልፎብኛል?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ይመጣል።

ትችያለሽ። ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ለ18 ዓመቷ ልጅ የሚስማማው መንገድ አንቺን ሊያደክምሽ ይችላል። እሷ ልብ የማትለው ደግሞ ለአንቺ ሊመች ይችላል። ጎበዝ ጎበዝ እህቶች የማይሆናቸው መንገድ ላይ ቆመው «እኔን አይፈልጉኝም» ብለው ሲመለሱ ሳይ ያናድደኛል። ስለዚህ መንገዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የቀሩሽን ሰሚስተሮች ቁጠሪ

ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ዕድሜው ነው። ሶሮሪቲዎቹ ግን አብልጠው የሚያዩት ስንተኛ ዓመት እንደሆንሽና መቼ እንደምትመረቂ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዲት ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ለአራት ዓመት መዋጮ ትከፍላለች፤ የሶሮሪቲው ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ነገ ፕሬዚዳንት ወይም ገንዘብ ያዥ ትሆናለች። ሲኒየር (የመጨረሻ ዓመት ተማሪ) ግን ገና ሳትለምድ ትመረቃለች።

ስለዚህ 20 ክሬዲት ብቻ ያላት የ26 ዓመት ሴት፣ 100 ክሬዲት ካላት የ21 ዓመት ልጅ የተሻለ ዕድል ሊኖራት ይችላል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 60 ክሬዲት ይዘሽ ከመጣሽ በወረቀት ጁኒየር (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ) ነሽ። ካምፓሱን ያየሽው ግን ገና ዛሬ ነው። የሚጎዳሽ ይሄ ነው እንጂ የፊትሽ መልክ ወይም መታወቂያሽ ላይ ያለው ዕድሜ አይደለም። ትምህርቱን በፓርት ታይም ከያዝሽው ደግሞ እስክትመረቂ ብዙ ሰሚስተር ይቀርሻል። ይህን መናገር ይጠቅምሻል። ቅጹ ላይ «ጁኒየር» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ «ገና ሦስት ዓመት እቆያለሁ» የሚለው እንዲታወቅልሽ አድርጊ። ፓርት ታይም ተማሪ መመዝገብ ትችል እንደሆነ ግን ካምፓስ ከካምፓስ ስለሚለያይ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ፎርማል ሪክሩትመንት

ተማሪው «ራሽ» የሚለው፣ ዋናው የአዲስ አባላት መቀበያ ሳምንት ይሄ ነው። የሚያካሂዱት በናሽናል ፓንሄሌኒክ ኮንፈረንስ ሥር ያሉ ሶሮሪቲዎች ናቸው። ኮንፈረንሱ በ1902 የተመሠረተ ሲሆን 26 አባል ድርጅቶች አሉት። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ቲክቶክ ላይ በየቀኑ ልብሳቸውን ሲያሳዩ ካየሽ ያየሽው ይህንኑ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ተመዝግበሽ ትከፍያለሽ፤ በቡድን ትመደቢያለሽ፤ ለተወሰኑ ቀናት ከቤት ቤት ትዞሪያለሽ። በሩ ሲከፈት አባላቱ እየዘፈኑና እያጨበጨቡ ይቀበሉሻል። አንዷ ወደ ውስጥ ታስገባሽና ስምሽን፣ ሜጀርሽን፣ የመጣሽበትን ትጠይቅሻለች። ወሬው ሞቅ ሲል ሌላዋ መጥታ ትተካታለች። ጥያቄው እንደገና «ሜጀርሽ ምንድን ነው?» ይሆናል። ሰዓቱ ሲያልቅ ወጥተሽ ወደሚቀጥለው ቤት። ዙሩ ሲያበቃ አንቺም ትመርጫለሽ፣ እነሱም ይመርጣሉ። በማግስቱ የሚጠብቁሽ ቤቶች ዝርዝር ይሰጥሻል። ቤቶቹ እያነሱ እያነሱ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ዙር ፕሪፈረንስ ይባላል። ከዚያ ቢድ ዴይ ነው፤ የገባሽበት የሚነገርሽ፣ የአባልነት ጥሪው (ቢዱ) የሚሰጥሽ ቀን።

ለአንቺ የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ቦታ አባላት በዚህ ሳምንት አምስት ርዕስ እንዳያነሱ ይመከራሉ፦ ወንድ፣ መጠጥ፣ ሃይማኖት፣ ገንዘብና ፖለቲካ። የ18 ዓመቷ ልጅ በዚህ አትቸገርም፤ ስለ ሃይስኩሏና ስለ ዶርሟ ታወራለች። የአንቺ ሕይወት ግን ያለው እዚያው አምስቱ ውስጥ ነው። ባለትዳር ከሆንሽ ባልሽን ማንሳትሽ አይቀርም። እሑድን የምታሳልፊው ቤተ ክርስቲያን ነው። ማታ የምትሠሪው ለገንዘብ ነው። ከአገር የወጣሽው በፖለቲካ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምን ይወራል?

መፍትሔው አጫጭር ታሪኮችን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። «አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው» ብለሽ አታቁሚ። «አንዲት የዘጠና ዓመት ሴት አሉ፤ ማታ ማታ ካርታ ያስተምሩኛል፣ ሁሌ ያሸንፉኛል» በያት። የ19 ዓመቷ ልጅ ፊቷ ይፈታል፤ ስለ አያቷ ታወራሻለች። ሥራሽ ሸክም መሆኑ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ታሪክ ካለሽ ሳምንቱን ሙሉ ይበቃሻል። ዕድሜሽን አትደብቂ። ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም አታንሺው። «እኔ እዚህ ካሉት ሁሉ ትልቋ ነኝ፣ ይቅርታ» የሚለው አነጋገር ያዳመጠችሽን ልጅ ምን እንደምትመልስ ያስጨንቃታል። ስትጠየቂ በፈገግታ ተናገሪና እለፊው።

ሁለት ሕጎችን ግን ሳታውቂ እንዳትገቢ።

አንደኛው ኮታ ነው። ፎርማል ላይ እያንዳንዱ ቻፕተር (የሶሮሪቲው የካምፓስ ቅርንጫፍ) ስንት ሴት መውሰድ እንደሚችል ቁጥር ይወጣለታል። አንዲት ሲኒየር አንድ ቦታ ትይዛለች፤ ፍሬሽማኗም አንድ ቦታ ትይዛለች። ቻፕተሩ ቦታውን ለማን ቢሰጥ እንደሚሻለው ገምቺ። አንዳንድ ካምፓሶች ግን ከፍ ላሉ ተማሪዎች የተለየ ኮታ አላቸው። እንደዚያ ከሆነ አንቺና ፍሬሽማኗ በአንድ ቦታ አትፎካከሩም፤ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ለካምፓሱ ፓንሄሌኒክ ቢሮ «ለጁኒየርና ለሲኒየር የተለየ ኮታ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «የለንም» ከሆነና ካምፓሱ ፉክክር የበዛበት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ጁኒየር ወይም ሲኒየር ሆነሽ እዚያ ሳምንት ውስጥ እንድትገቢ አልመክርሽም።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። ከፕሪፈረንስ በኋላ የመጨረሻ ምርጫሽን ስታስገቢ የምትፈርሚው ስምምነት አለ። እዚያ ላይ ከጻፍሻቸው ቤቶች አንዱ ቢድ ሰጥቶሽ «አልፈልግም» ካልሽ፣ በዚያ ካምፓስ እስከሚቀጥለው ዓመት ዋና ሪክሩትመንት ድረስ ሌላ የኮንፈረንሱ ሶሮሪቲ መግባት አትችይም። ለፍሬሽማን አንድ ዓመት ምንም አይደለም። ሁለት ሰሚስተር ለቀራት ሴት ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። በእርግጥ የማትገቢበትን ቤት ስሙን አትጻፊ። ልብሽ ካልፈቀደ ሳትፈርሚ መውጣት ይሻላል፤ ያልፈረመች ሴት በኋላ በሌላው መንገድ መሞከር ትችላለች።

የጊዜ ነገርም አለ። በደቡብ ግዛቶች ያሉ ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፎርማሉን የሚያደርጉት በኦገስት፣ ትምህርት ሳይጀመር ነው። ይህ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጣጠማል። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ከቤት ቤት እየዞርሽ፣ ከረሜላና ኬክ እየቀረበልሽ መጾም ከባድ ነው። ሥራሽም ያንን ሁሉ ቀን ፈቃድ ላይሰጥሽ ይችላል። አንዳንድ ካምፓሶች ግን ፎርማሉን በጃንዋሪ ያደርጋሉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያሉ ናቸው።

ሲኦቢ፦ ያለ ግርግር የሚገባበት

ብዙ ሰው ይህን መንገድ አያውቀውም። ኮንቲኒዩስ ኦፕን ቢዲንግ ይባላል፤ ተማሪዎቹ በአጭሩ ሲኦቢ ይሉታል። ፎርማሉ ካለቀ በኋላ፣ ወይም በሁለተኛው ሰሚስተር፣ የአባላት ቁጥራቸው ያልሞላ ቻፕተሮች በራሳቸው ጊዜ ሰው የሚቀበሉበት ነው። ሶሮሪቲዎቹ እነዚያው 26ቱ ናቸው። አባልነቱም ያው ነው፤ በዚህ ገባሽ ብሎ የሚያሳንስሽ የለም።

ልዩነቱ አገባቡ ላይ ነው። መዝሙርና ሰልፍ የለም። ቡና እንጠጣ ይሉሻል፤ አብረሽ ታጠኛለሽ፤ የእጅ ሥራ ምሽት ላይ ትጋበዣለሽ። ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጠሽ የምትፈልጊውን ያህል ታወሪያለሽ። ወሬሽ ሲጣፍጥ መጥታ የምታቋርጥሽ የለችም። ሥራ ላይ የኖረች፣ ሰው ማናገር የለመደች ሴት እንዲህ ባለ ቦታ ደምቃ ትታያለች። በዚያ ላይ እነዚህ ቻፕተሮች ሰው ስለሚፈልጉ የሚመረቅ ሰው ነው ብለው ፊት አይነሡሽም። ገንዘብ አያያዝ የሚያውቅ፣ ዝግጅት ማዘጋጀት የሚችል ትልቅ ሰው ማግኘት ይጠቅማቸዋል።

ጉድለቱም አለ። ምርጫው ጠባብ ነው። ሁሉም ቻፕተር የሞላበት ካምፓስ ላይ ሲኦቢ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ማስታወቂያውም ጎልቶ አይወጣም፤ የቻፕተሩን ኢንስታግራም መከታተል ወይም ቢሮው ላይ ስምሽን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ የካምፓስ ሕይወቱን፣ ሹራቡን፣ ጓደኝነቱን ለምትፈልግ ትራንስፈር ተማሪ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው።

ዲቫይን ናይን

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ናሽናል ፓን-ሄሌኒክ ካውንስል በ1930 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ የጥቁር አሜሪካውያን ፍራተርኒቲዎችና (የወንዶቹ ማኅበራት) ሶሮሪቲዎች ካውንስል ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከላይ ካየነው ኮንፈረንስ የተለየ ነው። አባላቱ ዘጠኝ ስለሆኑ ዲቫይን ናይን ይባላሉ። አራቱ የሴቶች ናቸው፦ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፣ ዜታ ፋይ ቤታ በ1920፣ ሲግማ ጋማ ሮ በ1922። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተወለዱት ሃዋርድ ነው፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስበት ግቢ ውስጥ። አራተኛዋ የተጀመረችው ኢንዲያናፖሊስ ሲሆን መሥራቾቿ ሰባት የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ይህን ልብ በይ። ሥራ የያዙ ሴቶች ናቸው የመሠረቷት።

«ለእኛ ለሐበሾች ይሆናል ወይ?» የሚል ጥያቄ እሰማለሁ። ይሆናል። በኮንግረስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሸርሊ ቺዝም የዴልታ አባል ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ናቸው። ካማላ ሃሪስ ሃዋርድ እያሉ አልፋ ካፓ አልፋ ገብተዋል፤ እናታቸው ከሕንድ፣ አባታቸው ከጃማይካ ናቸው። የስደተኛ ልጅ እዚያ ቤት እንግዳ አይደለም። ግን እነዚህ ድርጅቶች የተወለዱት ከጥቁር አሜሪካውያን ትግል ነው። ዴልታዎች ገና በተመሠረቱ በሁለት ወራቸው፣ ማርች 1913 ላይ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰልፍ ወጥተዋል። ይህን ታሪክ የራስሽ አድርገሽ ለመያዝ ዝግጁ ካልሆንሽ፣ ለልብሱና ለስቴፕ ዳንሱ ብቻ አትሂጂ።

አገባቡ ከራሽ ጋር አይገናኝም። ከቤት ቤት መዞር የለም። ቻፕተሩ አባል ለመቀበል ሲወስን የመረጃ ስብሰባ ይጠራል፤ ማመልከቻ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ትራንስክሪፕትና የበጎ ፈቃድ ሥራ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ጂፒኤሽ ከ2.5 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የመጀመሪያ ሰሚስተር ፍሬሽማን ባጠቃላይ አይቀበሉም። ስለዚህ እዚህ ጁኒየርና ሲኒየር መሆን ነውር አይደለም፤ የተለመደ ነው።

ደንቡ ደግሞ ዝምታ ነው። ፍላጎትሽን በየመንገዱ አታወሪም። አልፋ ካፓ አልፋ ስብሰባ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ለብሰሽ አትሄጂም፤ ቀለሙ የአባላት ነው። በዝግጅቶቻቸው ላይ ትገኛለሽ፤ በበጎ ፈቃድ ታግዣለሽ፤ ሰዎቹ እንዲያውቁሽ ጊዜ ትሰጫለሽ። እኛ በባህላችን ትልቅ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ መጠበቅን ስለምናውቅ ይህ አይከብደንም።

የምትጎጂው ማስረጃ ላይ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምረሻል። አዲስ ለመጡ ሰዎች ቅጽ ሞልተሻል፤ ክሊኒክ ወስደሽ አስተርጉመሻል። ግን ወረቀት የለሽም። በአማርኛ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተብለሽ ነው የተለያያችሁት። ሰዓቱንና የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያንሽ ወይም ከማኅበሩ አስጽፊ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ መሯሯጥ አያዋጣም፤ የጊዜ ገደቡ አጭር ነው።

ችግሩ፣ ቻፕተሮቹ በየሰሚስተሩ አይቀበሉም። አንዳንዴ ዓመት ያልፋል። ካምፓስሽ ላይ ቻፕተር ከሌለ ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ የአንድ ከተማ ብዙ ኮሌጆችን የሚያቅፉ የከተማ ቻፕተሮች አሉ። ከተመረቅሽም በኋላ መንገዱ አይዘጋም። የተመራቂዎች ቻፕተር የሚባለው አለ፤ ባችለርስ ዲግሪ ያላቸው ሴቶች በ30ዎቹም በ50ዎቹም ይገባሉ። ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ ያስመዘግባሉ፣ አባል ሲሞትባቸው ተሰብስበው ይሸኛሉ። ለእኛ እድር የሚቀርበው ይሄኛው ነው። አንድ ሰሚስተር ብቻ ቀርቶሽ የምትጨነቂ ከሆነ፣ ተረጋግተሽ ተመረቂና በዚህ ሞክሪ።

ሌሎቹን ባጭሩ

መልቲካልቸራል ሶሮሪቲዎች የሚባሉም አሉ። የላቲና ሴቶች የመጀመሪያዋ ላምዳ ቴታ አልፋ በ1975 ኒው ጀርሲ ኪን ኮሌጅ ተመሠረተች፤ የመጀመሪያዋ መልቲካልቸራል ሙ ሲግማ አፕሲሎን በ1981 ራትገርስ ላይ። ቻፕተሮቹ ትንንሽ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ቶሎ ትቀራረቢያለሽ፤ ስደተኛ መሆንሽን ማስረዳት አያስፈልግሽም። ግን ሥራው በጥቂት ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ማታ የምትሠሪ ከሆነ ከመግባትሽ በፊት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈልጉ በቁጥር አስነግሪያቸው።

የፓንሄሌኒኮቹ ብዙ ድርጅቶችም ኮሌጅ እያለች ያልገባችን ሴት በአሉምና (በተመራቂ አባል) ደረጃ ይቀበላሉ። የካምፓስ ሕይወት የለውም፤ ግንኙነቱና ማኅበራዊ ሥራው ግን አለ።

ፍላጎትሽ ሬዙሜ ላይ የሚጻፍ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሶሮሪቲ ውድ መንገድ ነው። ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካለሽና ጂፒኤሽ ጥሩ ከሆነ ፋይ ቴታ ካፓ ግቢ። በ1918 የተቋቋመ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የክብር ማኅበር ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአባላቱ የትራንስፈር ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ትራንስፈር ካደረግሽ በኋላ ግን አልፎሻል። ለትራንስፈር ተማሪዎች ታው ሲግማ፣ በትልቅ ዕድሜ ለሚማሩ ደግሞ አልፋ ሲግማ ላምዳ አለ። የናፈቀሽ የሐበሻ ጓደኛ ከሆነ ብዙ ካምፓሶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር ታገኛለሽ። መዋጮውም ቀላል ነው፤ ቡናውም አይጠፋም።

ገንዘብ

የፓንሄሌኒክ ቻፕተር ክፍያ በየሰሚስተሩ ነው። ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል፤ ቤቱ ውስጥ ከኖርሽ ብዙ ሺህ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሰሚስተር ይበልጣል፤ የአዲስ አባልና የባጅ ክፍያ ይጨመርበታል። ዲቫይን ናይን ላይ ደግሞ ዋናው ወጪ መግቢያው ላይ ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ዓመታዊ መዋጮ ይቀጥላል። ሁለት ሰሚስተር ብቻ ለምትቆይ ሴት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ፋፍሳ (የፌዴራሉ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ 24 ዓመት ከሞላሽ ራስሽን የቻልሽ ተብለሽ ትቆጠሪያለሽ፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ይህ ለትምህርት ክፍያው ይረዳሻል። የሶሮሪቲ መዋጮ ግን በእርዳታው ስሌት ውስጥ አይገባም። ከደሞዝሽ የሚወጣ ነው። በየወሩ ሐዋላ የምትልኪ ከሆነ አገር ቤት ያሉትን ሰዎች ሳታስቢ አትፈርሚ።

ስትጠይቂ «ክፍያው ስንት ነው?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ቤቱ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው ወይ? ባለትዳር ወይም እናት ከሆንሽ ነፃ ትሆኛለሽ ወይ? ውጭ የምትኖር አባል ለቤቱ የምትከፍለው አለ ወይ? ስብሰባ ስትቀሪ ቅጣት አለው ወይ? በየወሩ መክፈል ይቻላል ወይ? ቲሸርቱ፣ ድግሱ፣ ስጦታው ተቆጥሯል ወይ? ትልቅ ሰው ነሽ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። በመልሳቸው ግልጽነት የቻፕተሩን ጠባይ ታውቂያለሽ።

እምነትና ምስጢር

የእኛ እናቶች የሚፈሩት ይህን ነው። «ምስጢር አላቸው፣ ያስምሏቸዋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ሶሮሪቲዎች የውስጥ ሥርዓትና ቃል መግባት አላቸው፣ ለውጭ ሰው አይነገርም። ፍርሃቱን አላጣጥልም። አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖችም በዚሁ ምክንያት ከዲቫይን ናይን በአደባባይ ወጥተዋል። በሌላ በኩል የፓስተር ሚስቶችና ብዙ አጥባቂ አማኞች አባል ናቸው።

ምክሬ ይሄ ነው፦ ከአንቺ እምነት ጋር ተቀራራቢ እምነት ያላትን አባል ፈልጊና «ከእምነትሽ ጋር የተጋጨብሽ ነገር አለ?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂያት። ምስጢሩን አትነግርሽም፤ ይህን ግን ትመልስልሻለች። ንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ልብሽ ካልተረጋጋ ከመጨረሻው ሥርዓት በፊት መተው ትችያለሽ።

ሄዚንግ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አዲስ አባልን ማዋረድ፣ ማስገደድ፣ መምታት፣ እንቅልፍ መንሳት ሄዚንግ ነው። ሁሉም ድርጅቶች በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ዲቫይን ናይን በ1990 የቀድሞውን የፕሌጅ (የአዲስ አባላት የሙከራ ጊዜ) ሥርዓት በይፋ አስቀርቷል። ያም ሆኖ በድብቅ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ወንጀል ነው። ነርሲንግ ላይሰንስ የምትጠብቂ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይሽ ያላለቀ ከሆነ፣ ተጎጂ ብቻ ሳይሆን ነገ አባል ሆነሽ ተሳታፊ መሆንም ጣጣ ያመጣብሻል።

ዲሴምበር 23 ቀን 2024 የተፈረመ ስቶፕ ካምፓስ ሄዚንግ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ኮሌጆች ጥፋተኛ ሆነው የተገኙ ድርጅቶችን ስም የያዘ ሪፖርት ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ያስገድዳል። የኮሌጅሽን ስምና «ሄዚንግ ትራንስፓረንሲ ሪፖርት» ብለሽ ፈልጊ። ያሰብሽው ቻፕተር እዚያ ካለ አንብቢው፤ ቀኑንና ምን እንዳደረጉ እዪ። ቅርብ ጊዜ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ።

እኔ ብሆን

ስድስት ሰሚስተርና ከዚያ በላይ የቀረሽ ከሆነ፣ ካምፓሱም መካከለኛ ከሆነ፣ ፎርማሉን ሞክሪ፤ ሰፊው ምርጫ እዚያ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰሚስተር ከቀረሽ ሲኦቢ ይሻልሻል፤ ጎን ለጎን የዲቫይን ናይን ዝግጅቶች ላይ መገኘት ጀምሪና የትኛው ልብሽን እንደሚስበው እዪ። ሁለቱን ባንድ ላይ ግን አታመልክቺ፤ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ልብሽ እንዳልቆረጠ ይታወቃል። አንድ ወይም ሁለት ከቀረሽ ገንዘብሽን ያዢ፤ ትምህርትሽን ጨርሺና የተመራቂዎች ቻፕተር ፈልጊ። ልጅ ያላት፣ ማታ የምትሠራ እናትም መጀመሪያ ይህንኑ እንድታይ እመክራለሁ። ስብሰባቸው የሚዘጋጀው ሥራና ቤተሰብ ላላቸው ሴቶች ነውና።

ለመጀመር አንድ ኢሜይል ይበቃል። የሚላከው የካምፓስሽ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ ላይፍ ለሚባለው ቢሮ ነው። ትራንስፈር ተማሪ መሆንሽን፣ መቼ እንደምትመረቂና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ ጻፊ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ከፍ ላሉ ተማሪዎች የተለየ ኮታ አለ ወይ፣ በዚህ ሰሚስተር ሲኦቢ የሚያደርጉት የትኞቹ ናቸው፣ ካምፓሱ ላይ ወይም በከተማው ውስጥ የትኞቹ የዲቫይን ናይንና የመልቲካልቸራል ቻፕተሮች አሉ። በአንድ ሳምንት ካልመለሱልሽ ቢሮው ድረስ ሂጂ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ስቱደንት ዩኒየን ሕንፃ ውስጥ ነው።